ትንሽ መንፈሳዊ ኮሌጅ ለማየት ስትሄዱ፦ ከሰሜን ሸዋ ለሚነሱ ተማሪዎች ደረጃ በደረጃ

በየዓመቱ የሚሰማው ነገር ያው ነው። ልጁ ከሸዋ ሮቢት ወይም ከመሐል ሜዳ ይነሳል። አዲስ አበባ ይገባል፣ እየጠየቀ ኮሌጁ በር ላይ ይደርሳል። ዘበኛው «ሬጅስትራሯ ዛሬ አልገባችም» ይለዋል። ከበር መልስ። የትራንስፖርቱን ብር ውሃ በላው።

ጥፋቱ የልጁ ብቻ አይደለም። ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ስትሄዱ አንዱ ሠራተኛ ቢቀር ሌላው ያስተናግዳችኋል። ትንሽ መንፈሳዊ ኮሌጅ ውስጥ ግን ሬጅስትራር፣ ማለትም ምዝገባውንና የተማሪውን መዝገብ የሚይዘው፣ ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ነው። ዲኑም ያስተምራል፣ ይሰብካል፣ ስብሰባ ይጠራል። እነዚህ ሁለት ሰዎች ከሌሉ ኮሌጁ ተከፍቶም ዝግ ነው። ስለዚህ ጉብኝቱ የሚሳካው ወይም የሚበላሸው ገና ከቤት ሳትወጡ ነው።

መመሪያው አራት ኪሎ ወዳለው ቅድስት ሥላሴ ለሚሄድም፣ መካኒሳ ወዳለው መካነ ኢየሱስ ሴሚናሪ ለሚሄድም፣ ስማቸው ብዙ ወደማይጠራ ትንንሽ ኮሌጆች ለሚሄድም ያገለግላል። አሠራራቸው የሚለያይበት ቦታ ስንደርስ እጠቁማለሁ።

ደረጃ 1፦ ቀኑን ምረጡ

የምትፈልጉት ቢሮ ክፍት የሆነበትንና ተማሪ ክፍል ውስጥ ያለበትን ቀን ነው። ሁለቱ አንድ ላይ ካልተገኙ አትሂዱ።

1. ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ ያለውን ምረጡ። ሰኞ ስብሰባ ይበዛል፣ ዓርብ ከሰዓት ሰው ይሳሳል።
2. የምዝገባ ሳምንትና የፈተና ሳምንት ላይ አትሂዱ። በምዝገባ ሳምንት ሬጅስትራሯ ቀና ብላ የምታያችሁ ለፊርማ ብቻ ነው።
3. ክረምት ላይ ስትሄዱ ተጠንቀቁ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ግቢ ውስጥ የምታገኟቸው ተማሪዎች የክረምት ኮርስ የሚወስዱ አገልጋዮች ሊሆኑ ይችላሉ። የእነሱ ኑሮና የመደበኛ ተማሪ ኑሮ አንድ አይደለም።
4. የበዓል ቀን አጣሩ። በኦርቶዶክስ ኮሌጆች ዋና ዋናዎቹን በዓላት ብቻ ማየት አይበቃም። ኮሌጁ የሚጠራበት ወይም አጠገቡ ያለው ደብር የሚያከብረው ታቦትም ይቆጠራል። ለምሳሌ ጥር 7 እና ሐምሌ 7 የሥላሴ በዓል ነው። በዚያ ቀን ቅድስት ሥላሴ ሄዶ ቢሮ መፈለግ አይሆንም።
5. በዐቢይ ጾም የምትሄዱ ከሆነ ቀጠሮውን ጠዋት አድርጉት። በሥራ ቀን ቅዳሴው ከሰዓት ስለሚሆን መምህራኑን ከቀትር በኋላ ማግኘት ይከብዳል።

በወንጌላውያን ኮሌጆች ደግሞ ቻፕል የሚባል የጋራ የአምልኮ ሰዓት አለ። መቼ እንደሆነ ጠይቁና ጉብኝታችሁን በዚያ ቀን አድርጉት። ተማሪውና መምህሩ በአንድ ቦታ የሚታዩት ያኔ ነው።

ደረጃ 2፦ ደውሉና በስም ቀጠሮ ያዙ

ስልኩን ከኮሌጁ ገጽ ውሰዱ። ከዚያ እዚያ የተማረ ሰው ፈልጋችሁ ቁጥሩ ትክክል መሆኑን አረጋግጡ። ቴሌግራም ላይ በኮሌጅ ስም የሚከፈት ገጽ ሁሉ የኮሌጁ አይደለም።

ስትደውሉ ነገሩን አታርዝሙት። እንዲህ በሉ፦

«ጤና ይስጥልኝ። ከደብረ ብርሃን ነው የምደውለው። 12ኛ ክፍል ጨርሻለሁ፣ እናንተ ጋ መማር እፈልጋለሁ። ከመመዝገቤ በፊት መጥቼ ማየት ፈልጌ ነው። ማንን ላነጋግር? በየትኛው ቀን ይመቻችኋል?»

መልሱ «ዝም ብለህ ና» ከሆነ አትቀበሉት። ሰው ንቋችሁ አይደለም፣ በቅንነት ነው የሚለው። ግን እናንተ በደረሳችሁበት ቀን ያ ሰው ላይኖር ይችላል። «እሺ፣ በር ላይ ስደርስ ማንን ልበል?» ብላችሁ ጠይቁ። ስምና የሥራ ድርሻ ይዛችሁ ነው ስልኩን መዝጋት ያለባችሁ።

በዚያው ጥሪ ሦስት ነገር ለምኑ፦ ሬጅስትራሩን ማነጋገር፣ አንድ ክፍለ ጊዜ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ማዳመጥ፣ ዶርሙንና ቤተ መጻሕፍቱን ማየት። ክፍል መግባትን አስቀድማችሁ ካልጠየቃችሁ በዕለቱ አይፈቀድላችሁም። መምህሩ ማወቅ አለበት።

ሰዓትና ቀን ላይ ተጠንቀቁ። የውጭ አገር መምህራን ያሉባቸው ኮሌጆች በፈረንጅ ሰዓትና በፈረንጅ ቀን መቁጠሪያ ይሠራሉ። «በ9 ሰዓት ና» ሲባል ከጠዋቱ 3 ሰዓት ይሁን ከቀኑ 9 ሰዓት አይታወቅም። «ከምሳ በፊት ነው በኋላ?» በሉ። ቀኑንም እንዲሁ፣ «ማክሰኞ የሚውለው?» ብላችሁ በዕለቱ ስም አረጋግጡ።

ስልክ ካልተነሳ፦ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ባለው ጊዜ ደጋግሙ። አሁንም ካልተነሳ አዲስ አበባ ያለ ዘመድ በሩ ላይ ብቅ ብሎ የሬጅስትራሩን ስልክ እንዲቀበል አድርጉ። ለሱ የአንድ ታክሲ መንገድ ነው፣ ለእናንተ ሙሉ ቀን።

ከጉዞው አንድ ቀን በፊት እንደገና ደውሉ። ይሄን እንዳትዘሉት።

ደረጃ 3፦ ወረቀታችሁን አሰናዱ

ለማየት ብቻ ብትሄዱም ወረቀታችሁን ያዙ። ሬጅስትራሯ ካየችው «ይሄ ይጎድላል» ትላችኋለች። ያ አንድ ዐረፍተ ነገር በኋላ ሌላ ጉዞ ያስቀርላችኋል።

* ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ትራንስክሪፕት
* የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት
* የልደት የምስክር ወረቀት፣ የፋይዳ ወይም የቀበሌ መታወቂያ
* ጉርድ ፎቶ
* የቤተ ክርስቲያን የድጋፍ ደብዳቤ
* ለኦርቶዶክስ ኮሌጅ፦ የአብነት ትምህርት ማስረጃ፣ ክህነት ካላችሁም የክህነቱ ማስረጃ

ዋናው ወረቀት ቤት ይቅር። ኮፒው ይበቃል፤ ከተጠየቃችሁ ስልካችሁ ላይ በስካን የያዛችሁትን አሳዩ። ዋናውን የግድ መያዝ ካለባችሁም አሳይታችሁ መልሱ እንጂ ማንም ጋ አታስቀምጡ። ሁሉንም በላስቲክ ክላሴር አድርጉት። የደብረ ሲና ጭጋግ ያራሰውን ትራንስክሪፕት ማንም አይቀበልም።

ሰው የሚጣበቀው የድጋፍ ደብዳቤው ላይ ስለሆነ እዚህ ጋ ቆም እንበል።

በኦርቶዶክስ በኩል ደብዳቤው መሰላል አለው። ከአጥቢያው ሰበካ ጉባኤ ይነሳል፣ ወደ ወረዳው ቤተ ክህነት ይሄዳል፣ ከዚያ ደብረ ብርሃን ወዳለው ሀገረ ስብከት። እያንዳንዱ ደብዳቤ ቀጣዩን ይጠራል። አስተዳዳሪው ለቀብር ወይም ለክርስትና ከወጡ አንድ ቀን ያልቃል። ወረዳው ላይ ጸሐፊው ከሌለ ሌላ ቀን። ስለዚህ ከጉዞው ሦስትና አራት ሳምንት በፊት ጀምሩ። ኮሌጁ እስከ የትኛው ደረጃ እንደሚፈልግ በስልክ ጠይቁ። የአጥቢያው ብቻ የሚበቃው ቦታ ካለ ለምን ትደክማላችሁ?

በወንጌላውያን በኩል መንገዱ ያጥራል። የአጥቢያችሁ መጋቢ ወይም የሽማግሌዎች ጉባኤ ይጽፋል። ግን ብዙዎቹ ኮሌጆች የራሳቸው ፎርም አላቸው። መጋቢው በራሱ ወረቀት አሳምሮ ከጻፈ በኋላ «በፎርሙ ይሁን» ይባላል። ፎርሙን ቀድማችሁ በቴሌግራም አስልኩ። እምነታችሁን የምትመሰክሩበት አጭር ጽሑፍም ይጠየቃልና ቤት ሆናችሁ ጻፉት።

ደብዳቤው እጃችሁ ሲገባ እዚያው ቆማችሁ እነዚህን እዩ፦ የወጪ ቁጥር አለው? ቀን አለው? ማኅተሙ ፊርማው ላይ አርፏል? የፈራሚው ስምና ኃላፊነት በቲተር (በስም ማኅተም) ተመቷል? ከአራቱ አንዱ ከጎደለ ከቢሮው አትውጡ።

የስም ነገር። የቤተ ክርስቲያን ደብዳቤ ብዙ ጊዜ በክርስትና ስም ይጻፋል። ትራንስክሪፕቱ ላይ ደረጀ ተብላችሁ ደብዳቤው ላይ ወልደ ሚካኤል ከሆናችሁ ሬጅስትራሯ ሁለት ሰው ነው የሚታያት። ደብዳቤው ላይ የትምህርት ቤቱ ስም ከነአባትና ከነአያት ይጻፍ፣ የክርስትናው ስም ከጎኑ ይከተል። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ስማችሁም በየወረቀቱ ፊደል በፊደል አንድ መሆኑን እዩ። አንዲት ፊደል ስትለይ ዛሬ ቀላል ትመስላለች፣ በምርቃት ጊዜ ግን ፍርድ ቤት ታስኬዳለች።

ደረጃ 4፦ ጉዞው

ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው። በሸኖ፣ በአለልቱና በሰንዳፋ አድርጋችሁ ላምበረት ትወርዳላችሁ። ቀጠሮው ከ4 ሰዓት በኋላ ከሆነ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ የሚወጣውን ሚኒባስ ይዛችሁ ደርሳችሁ መመለስ ይቻላል። ሚኒባስ እስኪሞላ የሚጠብቀውን ጊዜ ግን ቁጠሩ።

ከሸዋ ሮቢት ከሆነ 220 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ የጣርማበር ዳገትም አለ። ጠዋት ጭጋግ ሲወርድ ሹፌሩ ፊቱን አያይም። ከሸዋ ሮቢት፣ ከአጣዬ ወይም ከመንዝ የምትመጡ ከዋዜማው ደብረ ብርሃን ወይም አዲስ አበባ እደሩ። ከዓለም ከተማ የምትመጡ በሙከጡሪና በሱሉልታ በኩል ስለምትገቡ የላምበረቱ መመሪያ ለእናንተ አይደለም።

ከላምበረት መገናኛ ቅርብ ነው። ከመገናኛ አራት ኪሎ ታክሲ አለ። ወደ መካኒሳ የሚሄድ ግን መሐል ከተማውን ማቋረጥ ስላለበት ጠዋት ሰልፍና መጨናነቅ ይጠብቀዋል። አንድ ሰዓት ተኩል ጨምሩበት።

ከመነሳታችሁ በፊት መናኸሪያ ደውላችሁ መንገዱ ክፍት መሆኑን ጠይቁ። መንገድ የተዘጋ ቀን አትሞክሩት። ደውላችሁ «መንገድ ተዘግቶብኝ ነው፣ ለሌላ ቀን ይቀየርልኝ» በሉ። የሰሜን ሸዋን ሰው በዚህ የሚቀየም ኮሌጅ አላውቅም።

አለባበስ፦ በኦርቶዶክስ ግቢ ሴቶች ረጅም ቀሚስና ነጠላ፣ ወንዶችም ነጠላ ብትይዙ ጥሩ ነው፤ ቅዳሴ ላይ ልትደርሱ ትችላላችሁ። በሌሎቹ ንጹሕና ጨዋ አለባበስ ይበቃል። ለቃለ መጠይቅ ብላችሁ ሱፍ አትከራዩ።

ደረጃ 5፦ በሩ ላይ

ዘበኛውን ሰላም በሉ፣ መታወቂያ አውጡ። «አባባ፣ እንደምን አደሩ? ከእገሌ ጋር የ4 ሰዓት ቀጠሮ አለኝ» በሉ። ስም የጠራ ሰው ይገባል። «ስለ ትምህርት ለመጠየቅ ነው» ያለ ሰው ማስታወቂያ ሰሌዳውን እንዲያነብ ይነገረዋል።

ውስጥ ስትገቡ ሰውን በማዕረጉ ጥሩ። ኦርቶዶክስ ግቢ ውስጥ አባ፣ መምህር፣ መሪጌታ፣ ዲያቆን አለ። ካቶሊክ ጋ አባ እና ሲስተር ይባላል። ወንጌላውያን ጋ ፓስተር፣ ወንድም፣ እህት። ካላወቃችሁ «መምህር» በሉ፣ ማንም አይቀየምበትም።

የቀጠራችሁ ሰው ከሌለ፦ ወዲያው አትመለሱ። በሩ ላይ ሆናችሁ ስልኩን ደውሉ። ካላነሳ የትምህርት ክፍሉን ጸሐፊ ወይም የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛውን ለማግኘት ጠይቁ። ቢያንስ ደረጃ 7ን ጨርሳችሁ ውጡ። የደረጃ 6ን በስልክ ታሟሉታላችሁ።

ደረጃ 6፦ ቢሮ ውስጥ የሚጠየቀው

ጥያቄዎቹን ደብተር ላይ ጽፋችሁ ግቡ። መልሱንም እዚያው ጻፉ። ይሉኝታ እዚህ ጋ ያስከፍላል።

*ስለ ዕውቅና*

ብዙ ሰው «ዕውቅና አላችሁ?» ይላል፣ «አዎ» ይባላል፣ ያበቃል። ጥያቄው ከማን የሚለው ነው።

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው። ስለዚህ የነገረ መለኮት ትምህርትና እንደ አካውንቲንግ ወይም ማኔጅመንት ያለ ትምህርት በአንድ ግቢ ቢሰጡም የሚቆሙት በአንድ ፈቃድ ላይ አይደለም። ለሁለተኛው ዓይነት የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልጋል። ያ ፈቃድ ደግሞ ለኮሌጁ ስም በጅምላ አይሰጥም። በፕሮግራም፣ በካምፓስ፣ በመደበኛና በርቀት ይለያያል። አዲስ አበባ ያለው ዋናው ግቢ ፈቃድ ስላለው ሌላ ከተማ ያለው ቅርንጫፍ አለው ማለት አይደለም።

እንዲህ ጠይቁ፦

1. እኔ የምገባበት ፕሮግራም ዕውቅናው ከማን ነው? ከባለሥልጣኑ፣ ከቤተ ክርስቲያኗ፣ ወይስ ከውጭ ተቋም ጋር በትብብር?
2. ወረቀቱን ማየት እችላለሁ? እስከ መቼ ነው የሚያገለግለው?
3. በዚህ ዲግሪ መንግሥት መሥሪያ ቤት የተቀጠረ ምሩቅ አላችሁ? በምን መደብ?
4. ሁለተኛ ዲግሪ ለመማር የሚቀበሉት የትኞቹ ተቋማት ናቸው?
5. የመውጫ ፈተና ይመለከተኛል? ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ይፈተናሉ። የሚመለከታችሁ ከሆነ ባለፈው ዓመት ስንት ተፈትኖ ስንት እንዳለፈ ጠይቁ።

«ወረቀቱ ዲኑ ጋ ነው ያለው» ከተባላችሁ «እጠብቃለሁ» በሉ። ዕውቅናው ከቤተ ክርስቲያን ብቻ ቢሆን ምንም ነውር የለውም። ማገልገል ለሚፈልግ ሰው ያ ይበቃዋል። ወረዳ ውስጥ በሲቪል ሰርቪስ እቀጠራለሁ ብሎ ለሚገባ ግን አራት ዓመት ነው የሚቃጠለው።

*ስለ መግቢያ ውጤት*

በ12ኛ ክፍል ፈተና ከ50 በመቶ በታች ካመጣችሁ አትደብቁ። በምን ደረጃ እንደሚቀበሏችሁ ጠይቁ፦ ሰርተፍኬት፣ ዲፕሎማ፣ ወይስ ዲግሪ? የኮሌጁ የራሱ የመግቢያ ፈተና ካለ ምን ላይ ያተኩራል? ግዕዝ? እንግሊዝኛ? የመጽሐፍ ቅዱስ ዕውቀት? በሰርተፍኬት ገብቶ ወደ ዲግሪ መሸጋገር ይቻላል ከተባለ ባለፈው ዓመት የተሸጋገረ ሰው እንዲያገናኟችሁ ለምኑ።

*ስለ ገንዘብ*

«ክፍያው ስንት ነው?» አትበሉ። የሚነገራችሁ የክሬዲት (የትምህርት ሰዓት መለኪያ) ዋጋ ብቻ ነው። መመዝገቢያ፣ መታወቂያ፣ ቤተ መጻሕፍት፣ ዶርም፣ ምግብ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ምርቃት እያላችሁ አንድ በአንድ አስቆጥሩ። በመጨረሻ «ከገባሁበት ቀን እስከምመረቅ በጠቅላላ ስንት ይደርሳል? በየዓመቱስ ይጨምራል?» በሉ።

ነፃ ትምህርት ከተባለ ማን እንደሚከፍል ጠይቁ። ሀገረ ስብከት ወይም ሲኖዶስ የሚልካቸው ተማሪዎች ሲመረቁ ተመልሰው የሚያገለግሉበት ጊዜ ሊኖር ይችላል። ስንት ዓመት? የት? ብታቋርጡስ ትከፍላላችሁ? ውሉን ሳታነቡ እሺ አትበሉ፣ መልአክ የመሰለ ሰው ቢያቀርበውም።

ደረጃ 7፦ ግቢውን እዩ

*ክፍል ውስጥ።* ከኋላ ተቀመጡ፣ ስልክ ዝጉ። መምህሩ በሰዓቱ ገባ? ተማሪ ይጠይቃል ወይስ ማስታወሻ ብቻ ይገለብጣል? ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ከሆነ ምን ያህሉ እንደገባችሁ ለራሳችሁ እውነቱን ንገሩ።

*ቤተ መጻሕፍት።* የመጽሐፉ ብዛት አያታልላችሁ። ለኮርስ የሚያስፈልግ የሚመስል መጽሐፍ አንስታችሁ የኋላ ሽፋኑን ግለጡ። የውሰት ቀን የሚመታበት ወረቀት ካለ የመጨረሻውን ቀን አንብቡ። ከተመታ ዓመታት ካለፉት፣ መደርደሪያው ለጌጥ ነው። ከዚያ መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚደረግ ጠይቁ።

*ማስታወቂያ ሰሌዳ።* ሁሉንም አንብቡ። «ክፍያ ያላጠናቀቃችሁ ፈተና አትቀመጡም» የሚል ካለ ቀኑን እዩ። የተሰረዘ ክፍለ ጊዜ፣ የተለወጠ መምህር፣ የውጤት መዘግየት፣ ሁሉም እዚያ ተለጥፏል። የኮሌጁ ገጽ የማይነግራችሁን ሰሌዳው ይነግራችኋል።

*ዶርም።* ውሃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? ሮቶ አለ? መጸዳጃ ቤቱን ራሳችሁ ግቡበት። ዶርም ከሌለ ተማሪው የት ይከራያል፣ በስንት? በዚህ ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ የቤት ኪራይ ከትምህርት ክፍያው ሊበልጥ ይችላል።

*ተማሪ።* ይሄን ብቻችሁን አድርጉት፣ የኮሌጁ ሰው አጠገባችሁ ካለ ሁሉም «ይመስገን» ነው የሚለው። ሻይ ቤት ግቡና ሻይ ጋብዙ። የሚሠሩት ጥያቄዎች ትንንሾቹ ናቸው፦ መምህር ሲቀር ምን ይደረጋል? ባለፈው ሴሚስተር ውጤት መቼ ወጣ? በጾም ቀን ምግብ ቤቱ ምን ያቀርባል? አብሮህ ከገባው ስንቱ አቋረጠ? ለምን? ሁለትና ሦስት ሰው ለየብቻ ጠይቁ። አንድ የተከፋ ተማሪ የትም አይጠፋም። ሦስቱም አንድ ነገር ካሉ ግን እመኑ።

የሌላ ቤተ እምነት ልጅ ከሆናችሁ አምልኮ ላይ መገኘት ግዴታ መሆኑን እዚሁ ጠይቁ። ገብቶ ከመጋጨት ሳይገቡ ማወቅ ይሻላል።

ደረጃ 8፦ ከመውጣታችሁ በፊት

በጉብኝት ቀን ብር አትክፈሉ። «ቦታ ሊሞላ ነው» ቢባልም። ለመክፈል ስትወስኑ በኮሌጁ ስም በተከፈተ የባንክ ሂሳብ ብቻ ይሁን፣ ደረሰኝም ተቀበሉ። በግለሰብ ስም ሂሳብ ወይም በግለሰብ ቴሌብር ላክ የሚላችሁ፣ ቆብ ያደረገም ይሁን መጽሐፍ ቅዱስ የያዘ፣ ደላላ ነው። በር ላይ «እኔ አስገባሃለሁ» ለሚለውም ጆሮ ዳባ ልበስ ማለት ነው።

ሬጅስትራሯ ጋ ተመልሳችሁ አመስግኑና ሦስት ነገር አስጽፉ፦ የሚጎድላችሁን ወረቀት፣ የማመልከቻውን የመጨረሻ ቀን በኢትዮጵያም በፈረንጅም አቆጣጠር፣ የቢሮውን ስልክ።

ወደ ደብረ ብርሃን ለመመለስ ከ10 ሰዓት በፊት ላምበረት ድረሱ። ሲመሽ መኪና ይጠፋል፣ ያለውም ዋጋ ይጨምራል። የዚያኑ ቀን ማታ የጻፋችሁትን ለአባትና ለእናታችሁ፣ ወይም ለሚከፍልላችሁ ሰው አንብቡላቸው። መልስ ያላገኘ ጥያቄ ከቀረ በሦስተኛው ቀን ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ለሬጅስትራሯ ደውሉ። ስማችሁን ታስታውሳለች።